ጉድጓዱን አጽጂልኝ

መርፌ ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት እህቷና የሠራተኛ ማኅደር ያዡ ናቸው፤ እሱም ቢሆን ፋይሏን ካልገለጠ አያስታውሰውም። መርፌ የተባለችበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንዱ ሥራዋ፣ አንዱ ምላሷ።

የምትሠራው ሙዚየሙ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ባለ አጉሊ መነጽር መብራቷን አንገቱን ቆልመም አድርጋ፣ ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን፣ ኧረ ከዚያም በፊት፣ የሞተ አውሬ አጥንት ላይ የተጣበቀውን ድንጋይ በመርፌ ትፈለፍላለች። የጥርስ ሐኪም የጣለው መርፌ፣ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ፣ አሸዋ የተሞላ ትራስ፣ አቧራ የሚመጥ ቱቦ፤ ዕቃዋ ይኸው ነው። አንድ መንጋጋ ላይ ስምንት ወር ትቀመጣለች። ምላሷ ግን ስምንት ደቂቃ አትቀመጥም። ሌላ ቦታ የጸዳ አጥንት ሲመጣ መብራቱ ሥር ታገላብጥና ትጀምራለች፤ «ይሄን የነካው ማነው? አናጢ ነው? ኧረ እዩልኝ፣ ጣውላ መስሎት ሊልገው ነበር እኮ! እኔ ብሆን ድንጋዩ እግር ሥር ወድቄ ይቅርታ እለው ነበር።»

ማንም አይቀየማትም። እጇ ያስከብራታል። እዚያ ቤት የገባችው በሠላሳ አንድ ዓመቷ ወለል ጠራጊ ሆና ነው፤ ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። አንድ ቀን መጥረጊያዋን ተደግፋ ስታይ፣ ዶክተሩ አንዲት ትንሽ መንጋጋ ይዞ ላብ አጥምቆታል።

«ጋሼ ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እየሰበሩት ነው» አለችው።

«እንግዲያው አንቺ ነያ!» አላት ተናዶ፣ መርፌውን ወረወረላት።

እሷም መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ መንጋጋዋ ከነጥርሷ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። መጥረጊያው እዚያው እንደተደገፈ ቀረ፤ ሌላ ጠራጊ ተቀጠረ። ይኸው ሃያ አንድ ዓመት ሆነ። ዶክተሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «መርፌዬ» ይላታል። እንግዳ ሲመጣ ትከሻዋን መታ አድርጎ፣ «በዚህች እጅ ያለፈ ነገር አይጠረጠርም» ይላል። እሷም አንገቷን ደፍታ «ኧረ ተዉ» ትላለች፤ ጆሮዋ ግን እስኪቀላ ድረስ ነው ደስ የሚላት።

ያች እጅ ግራ እጇ ናት። ልጅ ሳለች አስተማሪዋ እርሳሱን እየነጠቀ ወደ ቀኝ ስላዞረባት የምትጽፈው በቀኝ ነው፤ ጽሑፏም የተደናገጠች ዶሮ የሄደችበት ይመስላል። የቀረውን ሥራ ሁሉ በግራ ነው የምትሠራው።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ከጉድጓድ ነው።

ዶክተሩ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ከሜዳ ቁፋሮው አንድ ትልቅ ቀይ የጭቃ ድንጋይ በመኪና አስጭኖ መጣ። የምግብ ጠረጴዛ ያክላል። ከጎኑ ተሰንጥቆ፣ ውስጡን ተጠማዝዞ የሚሄድ እንደ ተሰነጠቀ ቧንቧ ያለ ነገር ይታያል። ጥንት ዘሩ የጠፋ አንድ እንስሳ ቆፍሮ የኖረበት ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን ነጣ ያለ አሸዋ ሞልቶት፣ አሸዋውም አብሮ ድንጋይ ሆኗል። ዶክተሩ ራሱ ለሁለት ሳምንት ወደ ሜዳው ሲመለስ ድንጋዩ ላይ ብጣሽ ወረቀት ለጥፎላት ሄደ። «መርፌዬ፣ ስመለስ አልቆ እንዲጠብቀኝ ጉድጓዱን አጽጂልኝ» ይላል።

መርፌ በሃያ አንድ ዓመት ያጸዳችው አጥንት ብቻ ነው። አጥንት አጽጂ ከተባለች አጥንቱ ይቀራል፣ የቀረው ይሄዳል። ጉድጓድ አጽጂ ስትባልስ? ማንም ሰው የጓሮ ጉድጓድ አጽዳ ቢባል ምን ያደርጋል? የሞላውን አውጥቶ ባዶ ያደርገዋል! እሷም ይህንኑ አደረገች። አሸዋውን በመርፌና በመዶሻ እየፈነቀለች፣ ስባሪውን ባልዲ ውስጥ እየጣለች፣ አራት ቀን ሠራች።

ጥፋቱ እዚህ ቢቆም ደግ ነበር። አሸዋው ሲነሳ ግድግዳው ላይ ጭረት አየች። ብዙ ጭረት፣ ጎን ለጎን፣ አንዳንዱ የጣት ውፍረት ያለው። ደሟ ፈላ። «አይ የሜዳ ሰዎች! በዶማ ነው እንዴ ያወጡት? እስቲ እዩት፣ የድመት መጫወቻ አድርገውታል!» አለችና የሽቦ ብሩሽ አነሳች። ስትፈገፍግ ውላ ግድግዳውን እንደ ሸክላ ማሰሮ ሆድ አለሰለሰችው። የቀራት ጉድጓዱ መጨረሻ ላይ ሰፋ ያለው ክፍልና ጥቂት ዳርቻው ነው። ማታ ቤቷ ስትገባ እያንጎራጎረች ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። ዶክተሩ ነው፤ ነፋሱ ድምፁን ይበላዋል።

«ሃሎ! መርፌዬ! ትሰሚኛለሽ? አንድ ነገር ረስቼ... አሸዋውን ከውጭ ብቻ ነው የምትጠርጊው፣ እሺ? እንዳትነቅዪው! ጉድጓዱ ማለት እኮ እሱ ነው!»

«ማ... ምኑ?»

«አሸዋው! የሞላው አሸዋ! የእንስሳው ጥፍር ጭረት እሱ ላይ ታትሟል፣ ግድግዳውም ላይ አለ። አየሽ፣ አጥንት አሟሟቱን ነው የሚነግረን፤ ጭረቱ ግን አኗኗሩን ነው። በየትኛው እጁ እንደቆፈረ፣ አፈሩን ወዴት እንደገፋ... ሃያ ዓመት ስፈልገው የነበረ ነገር ነው። ነካክተሽዋል እንዴ?»

መርፌ ባዶውን ጉድጓድ አየችው። ምላሷ፣ ያ ማንንም የማይምር ምላሷ፣ ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ።

«አልነካሁትም፣ ጋሼ ዶክተር» አለች።

«ተባረኪ! አውቄያለሁ እኮ!»

ስልኩን አስቀምጣ ወደ ባልዲው ሮጠች። ባልዲው ባዶ ነው። ከበስተኋላዋ ዕቃ ቤት ጠባቂው ብቅ አለ። ይህን ሰውዬ ሬዲዮ ነው የሚሉት፤ ጠዋት የሰማውን ለምሳ ሳያደርስ አያርፍም።

«ባልዲሽን ደፋሁልሽ! መኪናው ቆሻሻ ሊወስድ መጥቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ያሸከምኩት። አመስግኚኝ እንጂ፣ ምን እንደ ሐውልት ትገተሪያለሽ?»

«አመሰግናለሁ» አለች መርፌ። ሬዲዮ ግራ ገባው። በአሥር ዓመት ውስጥ ካፏ ሰምቶት የማያውቀው ቃል ነው።

ቅዳሜ ማንም የለም። መርፌ በራሷ ቁልፍ ገባች። ከሻይ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ አንድ ጥርሱ የተሰበረ፣ ሦስት የቀረው ሹካ አለ፤ ሁሉም የሚሸሸው ሹካ ነው። እሱን ወሰደች። ቀይ የጭቃ ድንጋይ በሹካም ይጫራል። የመጀመሪያውን ጭረት ስትስብ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛው ላይ ትንሽ፤ አሥረኛው ላይ ጭራሽ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ነው በኋላ ከሁሉ በላይ ያሳፈራት። አንዱን ጠለቅ፣ አንዱን ሳብ፣ አንዱን አንዱ ላይ ደረብ እያደረገች፣ ጠርጋ ያጠፋችውን በዓይነ ሕሊናዋ እያየች ስትጭር ዋለች። አቧራ በውሃ በጥብጣ ቀባችው። ሲደርቅ ራሷንም እስኪያሳስታት ድረስ እውነት መሰለ።

ዶክተሩ ሲመለስ በመጀመሪያ ያየው የአሸዋውን አለመኖር ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልስልስ ነበር» አለች መርፌ ወለሉን እያየች። «ገና ስነካው ረገፈ፣ ጋሼ ዶክተር።»

ይህ ሁለተኛው ውሸት ነው። ዶክተሩ ባዶውን ጉድጓድ በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ መብራቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እንደ ሕፃን ጮኸ። «ግድግዳው ተርፏል! መርፌዬ፣ ግድግዳውን አትርፈሽልኛል!» ራሷን አቅፎ ሳማት። እሷ ግን እንደ ደረቀ እንጨት ቆማ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማስመሪያውንና ማስታወሻውን ይዞ ከላይ ታች ይል ጀመር። ሬዲዮም ወሬውን ከእሱ በፊት ይዞት ወጣ። «ሰማችሁ? አውሬው ግራኝ ነው! በግራው ብቻ ነው የሚቆፍረው! ቀኙን ለጭብጨባ ነው መሰለኝ የሚፈልገው!»

እውነትም ዶክተሩ ያገኘው ይህንን ነው። ጭረቱ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። መርፌ ይህን ስትሰማ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሁሉንም ነገር አስባ ነበር፤ ጥልቀቱን፣ ውፍረቱን፣ አቧራውን። የትኛው እጇ እንደያዘው ግን አላሰበችም። ሰው እጁን መቼ ያስባል?

ማታ እህቷ ጋ እራት ቀረበ። ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባል የሞተባት፣ አፏ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ስፒል የያዘች ሴት። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚኖሩት።

«ምነው አትበዪም? ደግሞ ማንኪያ ምን ሊያደርግልሽ ነው? ሹካ አለ እኮ» አለቻት እህቷ።

«በማንኪያ ይሻለኛል፣ እታለም።»

«ያ አውሬያችሁ ግራኝ ነው አሉ። የሬዲዮ ሚስት ቀሚስ ልትለካ መጥታ ነገረችኝ።» ስፒሏን ከአፏ አወጣችና ሳቀች። «እንዳንቺ! ዘመድሽ ነው ማለት ነው። ምናለ ያን ጊዜ ቢኖር፣ ያ አስተማሪሽ እሱንም በማስመሪያ በገረፈው!»

መርፌ የጎረሰችው አነቃት። እህቷ ጀርባዋን እየመታች፣ «ምን ሆነሻል አንቺ ሰሞኑን? ፊትሽን ሰው የወሰደብሽ ትመስያለሽ» አለቻት።

«ደክሞኝ ነው።»

በማግስቱ ልትነግረው ቆርጣ ሄደች። ዶክተሩ ድንጋዩ ሥር ነበር።

«ጋሼ ዶክተር፣ ያ ጭረት...»

«አዎ! ያ ጭረት! ነይ ላሳይሽ!» አለና ስልሳ ሰባት ዓመቱን ይዞ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ጮኸ። በሆዱ ተኛ፣ ክራቫቱ አቧራ ላይ ተንጋለለ፣ ግራ እጁን ሦስት ጣት አድርጎ አየሩን መቧጨር ጀመረ። «እንዲህ! ሦስት ጥፍር ብቻ ነው ያረፈው፣ እጁን አጋድሞ ነው ማለት ነው። አፈሩን በእግሩ ወደ ኋላ፣ እንዲህ! የጉድጓዱን ወለል ደግሞ እዪ፣ መሃሉ ከፍ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ያለ ነው። በዚህ አንዱ ሲገባ በዚያ አንዱ ይወጣ ነበር። ብቻውን አልነበረም፣ መርፌዬ! ቤተሰብ ነበረው!»

ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመው በፈገግታ ያዩታል። ሬዲዮ አፉን በእጁ ይዟል። ይህ የተከበረ ሽማግሌ በእሷ ሹካ ምክንያት ወለል ላይ እየተንፏቀቀ ነው። መርፌ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ጎንበስ ብላ ደግፋ አነሳችው፣ የሱሪውን አቧራ አራገፈችለት።

«ምን ልትዪኝ ነበር?» አላት ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ኧረ ምንም። ጭረቱ ያምራል ልልዎት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ሞከረች። በቀኝ እጇ «ጋሼ ዶክተር፣ እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች፤ ዶሮዋ ወረቀቱ ላይ ሄደች ሄደችና እዚያው ቆመች። ቀደደችው። ሥራ ላይ ዝም አለች። ከሌላ ቦታ የጸዳ አጥንት መጣ፤ ያጸዳው ሰው የጉንጩን አጥንት ሰብሮታል። ሁሉም ሊስቅ አፉን አዘጋጅቶ ጠበቃት። እሷ ግን አገላብጣ አየችውና፣ «ይቅር ይበለው፣ ደንግጦ ይሆናል» ብላ አስቀመጠችው። ሬዲዮ፣ «መርፌ ዛሬ አትወጋም፤ ታማለች!» ብሎ በየክፍሉ አስተላለፈ።

ሐሙስ ከተለያየ ቦታ የሙያው ምሁራን ሊመጡ ነው፤ ዶክተሩ ግኝቱን ሊያሳያቸው፣ እሱም የዕድሜ ልክ ሥራውን በዚህ ሊዘጋ። ረቡዕ ጠዋት ጽሑፍ ሠሪው ትልቅ ሰሌዳ ተሸክሞ መጣ። ከላይ በደማቅ ፊደል «ግራኙ ቆፋሪ» ይላል። ከታች ሐተታው። ከሐተታው ሥር ደግሞ ከዶክተሩ ስም ቀጥሎ ከማኅደሯ የወጣው የእሷ እውነተኛ ስም፣ ከነአባቷ።

«ድንገት ላሳይሽ ብዬ ነው» አላት ዶክተሩ። «ከእኔ ስም እኩል አድርገህ ጻፈው ብዬዋለሁ። በትንሽ ፊደል ሊያደርግሽ ነበር፣ ተቆጣሁት።»

መርፌ የአባቷን ስም አየች። አባቷ ማንበብ አይችሉም ነበር። ለቤት በር ቢያበጁ እንኳ ጠማማ ከሆነ አፍርሰው እንደገና ይሠሩት ነበር እንጂ ቀለም አይቀቡበትም።

ወደ ሻይ ክፍሉ ሄደች። ስትመለስ በእጇ ሹካ ይዛለች።

«ይኸው እንስሳው፣ ጋሼ ዶክተር።»

ዶክተሩ ሳቀ። ሬዲዮም በር ላይ ሆኖ ሳቀ፤ «እሰይ! መርፌ ዳነች! ቀልድ ጀመረች!»

«ቀልድ አይደለም።» ሹካውን በግራ እጇ ያዘችና ሦስቱን ጥርስ ከሦስቱ ጭረት ላይ አሳረፈች። ልክክ አለ። ወደ ሁለተኛው ወሰደችው። ልክክ። ወደ ሦስተኛው። የሬዲዮ ሳቅ መሃል ላይ ተቆረጠ። «አሸዋው አልረገፈም። እኔ ነኝ ፈልፍዬ ያወጣሁት። ጭረቱንም የዶማ መስሎኝ ፈግፍጌ አጠፋሁት። ከዚያ ሲደውሉልኝ ፈራሁና... ቅዳሜ መጥቼ ጫርኩት። ግራኝ እኔ ነኝ። አውሬው አይደለም።»

ዶክተሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ እንደገና አደረገ። ጽሑፍ ሠሪው ሰሌዳውን እንደያዘ ማንን እንደሚያይ ጠፋው።

«አጽጂልኝ ስልሽ ምን መሰለሽ?»

«ባዶ ላደርገው። ጉድጓድ አይደል? ጉድጓድ ሲጸዳ...»

«አዎ» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። «እሱስ የእኔ ጥፋት ነው። ለአጥንት እንጂ ለጉድጓድ አላስተማርኩሽም። በብጣሽ ወረቀት ለጥፌልሽ ሄድኩ። አሸዋው የእኔ ጥፋት ነው።» ሹካውን ከእጇ ወሰደና ሦስቱን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። «ሹካው ግን የእኔ አይደለም።»

ተነሳ፣ ሰሌዳውን ራሱ ተቀበለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጠው። እንግዶቹን ለማስቀረት ስልክ ሊደውል ወደ ላይ ወጣ። መርፌ በበሩ በኩል ድምፁን ትሰማዋለች፤ «ይቅርታ፣ ስሕተት ነበረበት። አይደለም፣ የሠራተኛዋ አይደለም። እኔ ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። አዎ፣ እኔው።» እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ቢጮህባት፣ ቢያባርራት፣ ያንን ከመስማት ይሻላት ነበር።

ሬዲዮ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። ወሬውን ለማድረስ መሄድ ነበረበት፤ እግሩ እንቢ አለው። በመጨረሻ፣ «ባልዲውን የደፋሁት እኮ ለደግ ብዬ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃለሁ» አለች መርፌ።

ዶክተሩ ሲወርድ በእጁ ቀይ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዟል።

«ይህ በውሃ የሚለቅ ነው» አለ። «የእርስዎ በሆነው ጭረት ሁሉ ላይ ቀይ ነጥብ ያድርጉልኝ። ምንም ሳይቀር። እኔ እመዘግባለሁ።»

መርፌ መጀመሪያ ከበስተኋላዋ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ዞር አለች። ማንም የለም። እርስዎ ያለው እሷን ነው። ሃያ አንድ ዓመት አንቺ ያላት፣ መርፌዬ ያላት ሰው፣ እንደ ጎረቤት ባለሥልጣን አክብሮ አራቃት። የሰው ልጅ በአክብሮት እንዲህ እንደሚመታ አታውቅም ነበር።

«እሺ» አለች፤ «እሺ ጋሼ» የሚለው አልወጣላትም።

ሦስት ቀን ፈጀ። እሷ መብራቱ ሥር አጎንብሳ፣ እሱ ጎኗ ማስታወሻውን ዘርግቶ። ቀይ ነጥብ ታሳርፋለች፣ «የእኔ» ትላለች፤ እሱ ይጽፋል። «የእኔ።» ይጽፋል። «የእኔ።» ተማሪ በገባ ቁጥር አንገቷ ወደ ትከሻዋ ይገባል። ግድግዳው ኩፍኝ የያዘው ልጅ ገላ መሰለ። ቁጥሩ መቶ አርባ ሲያልፍ እህቷ ምሳ ይዛላት መጣችና ያንን ቀይ አየች። ቤት ሁሉንም ሰምታለች። ምሳውን አስቀመጠችና አንድም ነገር ሳትቀልድ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጉድጓዱ መጨረሻ ደረሱ፤ ብሩሿ ወዳልደረሰበት፣ ሰፋ ወዳለው መኝታ ክፍል አፍ። እዚያ አሸዋው ገና ስላልተነሳ የእንስሳው የራሱ ጭረት ሥሩ ተርፏል። ዶክተሩ ከዚያ የሚተርፈውን ተስፋ አድርጎ እስክሪብቶውን አቁሟል። ከዳርቻው፣ በተፈገፈገውና ባልተነካው መካከል፣ አራት ጭረቶች ጎን ለጎን ተጋድመው አሉ። ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ናቸው።

መርፌ አጉሊ መነጽሩን አወረደች። አየች። አዞረች። ሹካው ሦስት ጥርስ ነው፣ እዚህ አራት አለ። ግን ሁለቴ ስባ ደርባው ይሆናል፤ ደርባለች፣ ብዙ ቦታ ደርባለች። ቅዳሜ እዚህ ስትደርስ ድንጋዩን ዞራ በዚያ በኩል ቆማ፣ ግራ እጇም ጭረቱን ወደ ቀኝ አጋድሞት ይሆን? ወይስ ከዚህ ነው የተመለሰችው? አራት ጥፍር፣ በቀኝ እጅ፤ ዶክተሩን አንድ ነገር ሊያስጀምረው የሚችል ነው። «የእሱ ነው» ብትል ማን ያውቅባታል? እስክሪብቶው እንደሚሮጥ፣ ፊቱ እንደሚበራ ታየት። ምን ያህል ልትሰጠው እንደፈለገች!

«እህ?» አለ ዶክተሩ። እንደዚያ ዓይነት ተስፋ በድምፁ ከሰማች ሰንብታለች።

«አላውቅም» አለች መርፌ።

«የእርስዎ ነው ወይስ...»

«አላውቅም። የእኔም ሊሆን ይችላል፣ የእሱም ሊሆን ይችላል። ብዙ ስለጫርኩ ጠፋብኝ።» እንባዋ በአጉሊ መነጽሩ ላይ ጠብ አለና ጭረቱ አራትም ስምንትም መሰለ። በእጅጌዋ ጠረገችው።

ዶክተሩ አጉሊ መነጽሩን ስቦ አራቱን ጭረት ራሱ አያቸው። ከዚያ በማስታወሻው ላይ አጎንብሶ ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ አላየችም፣ ለማየትም አልደፈረችም።

«ቀለም አይቀቡት» አላት። «ቀጥሎ ያለውን ያሳዩኝ።»

መርፌ ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክራ ወደ ቀጣዩ ጭረት ጎንበስ አለች።